ትምህርት ቤት የማን ነው? ሐጅ ሙሐመድ ዓሊ ዘይነልና የጅዳ፣ የመካ አል-ፈላሕ



ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤያችን ሳይቋጭ ያደረውን ጥያቄ የማያስታውስ አባል ያለ አይመስለንም። የአባልነት መዋጮውን ያልከፈለ ተማሪ በሥራ አስፈጻሚው ምርጫ ድምፅ ይስጥ ወይስ አይስጥ? አንደኛው ወገን ገንዘብ ያላዋጣ ሰው በገንዘቡ ላይ ሊያዝ አይገባውም አለ። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ከትንሽ ገቢው ላይ ቀንሶ ለቤተሰቡ የሚልክ ተማሪ በመካከላችን ብዙ መሆኑን አመለከተ፤ ውዝፍ አለበህ ተብሎ ድምፁ ከተነጠቀ ማኅበሩ የሁላችን መሆኑ ያበቃል ሲል ተከራከረ። ሰዓቱ መሸ፤ ጉዳዩም ለመጪው ጉባኤ ተላለፈ።

በዚህ እትም ስለ መተዳደሪያ ደንባችን አንቀጽ በአንቀጽ አንጽፍም። ከዚያ ይልቅ ይህንኑ ጥያቄ ከሌላ አቅጣጫ ለማየት እንዲረዳን የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ እናቀርባለን። ከመካከላችን ጅዳ ተወልደው ያደጉ፣ ወላጆቻቸው በዚያ ከተማ ለዓመታት የሠሩ አባላት አሉ። እነሱ አል-ፈላሕ የሚለውን ስም ያውቁታል። ስለ መሥራቹ ግን በአማርኛ የተጻፈ ነገር እስካሁን ስላልገጠመን ከዚህ በታች ያለውን አዘጋጅተናል። ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሀ. የነጋዴ ልጅ በወደብ ከተማ

ሐጅ ሙሐመድ ዓሊ ዘይነል በ1880ዎቹ መጀመሪያ በጅዳ ተወለዱ። ቤተሰባቸው የዘይነል ዓሊሪዳ ቤት በመባል ይታወቃል። ከፋርስ ጠረፍ መጥቶ በጅዳ የሰፈረ፣ ከአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ በንግድ የገነነ ቤት ነው። ጅዳ ያን ጊዜ በኦቶማን ቱርክ መንግሥት ሥር ነበረች። ከሕንድ ሩዝና ጨርቅ፣ ከአፍሪቃ ቀንድ ከብትና ቆዳ፣ ከየአገሩ ደግሞ ሐጃጅ ይገባባታል። ከከተማዋ ነዋሪ ጥቂት የማይባለው ከሕንድ፣ ከየመን ሐድረሞት፣ ከግብፅ፣ ከፋርስና ከእኛም አካባቢ የመጣ ነበር። ስለዚህ የአገሩ ሰው ማን ነው፣ እንግዳውስ ማን ነው የሚለው ጥያቄ በዚያች ከተማ ቀላል መልስ ኖሮት አያውቅም።

የነጋዴ ልጅ ዕጣ ፈንታው የታወቀ ነው። ቁርኣን ይቀራል፤ ትንሽ መጻፍና መደመር ይማራል፤ ከዚያ በአባቱ ሱቅ ይቀመጣል። ወጣቱ ሙሐመድ ዓሊ ግን በዚህ አልረኩም። እንደሚተረከው ለመማር ወደ ካይሮ፣ ወደ አል-አዝሀር ሄዱ። ለአንባቢያችን አንድ ነገር ማስታወስ እንወዳለን፤ በአል-አዝሀር ከየአገሩ የመጡ ተማሪዎች በየአገራቸው ተለይተው የሚያድሩበት ሪዋቅ የሚባል ክፍል ነበራቸው፤ ከነዚህም አንዱ ከኢትዮጵያና ከአካባቢዋ ለሚመጡ ሙስሊም ተማሪዎች የተለየው የጀበርቲዎች ሪዋቅ ነው። በውጭ አገር ተሰባስቦ መማር ለእኛ ትውልድ አዲስ ነገር አይደለም ማለት ነው።

ሙሐመድ ዓሊ በካይሮ አልቆዩም። ቤተሰቡ ለንግዱ ይፈልጋቸው ስለነበር ወደ ጅዳ ተመለሱ። ይዘውት የተመለሱት ሐሳብ ግን አንድ ነበር፤ እኔ ለመማር ባሕር ከተሻገርኩ መሻገር የማይችለው የጅዳ ልጅ የት ይማር የሚል።

ለ. በጨለማ የተጀመረ ትምህርት

በዚያን ጊዜ በሒጃዝ ትምህርት ቤት ጨርሶ አልነበረም ማለት ስህተት ነው። የኦቶማን መንግሥት በ1869 ባወጣው የትምህርት ደንብ መሠረት በየከተማው የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን ከፍቶ ነበር። ይሁን እንጂ በነዚህ ትምህርት ቤቶች ዋናው ቋንቋ ቱርክኛ ነው። ልጁ በቤቱ ዓረብኛ ይናገራል፤ በክፍል ቱርክኛ ይሰማል። ስለሆነም አብዛኛው ወላጅ ልጁን አይልክም ነበር። በመካ ደግሞ በ1870ዎቹ ራሕመቱላህ የተባሉ የሕንድ ሊቅ ያቋቋሙት አስ-ሰውለቲያ የተባለ ትምህርት ቤት ነበር። ስሙን ያገኘው ገንዘቡን ከሰጡት ሰውለተን-ኒሳእ ከሚባሉ የካልካታ ሴት ነው። ይህንን አንባቢ በልቡ እንዲይዝልን እንጠይቃለን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ሙሐመድ ዓሊ ዘይነል በ1905 ዓብዱረዑፍ ጀምጁም ከተባሉ የጅዳ ሰውና ከሌሎች ጓደኞቻቸው ጋር አል-ፈላሕን በጅዳ አቋቋሙ። ዕድሜያቸው ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ነበር። የ1869ኙ ደንብ አንድ ሰው በግሉ ትምህርት ቤት ለመክፈት ሦስት ነገር እንዲያሟላ ያዝዛል። የመምህራኑ የምስክር ወረቀት መታየት አለበት፤ የትምህርቱ ዝርዝርና መጻሕፍቱ በባለሥልጣን መጽደቅ አለባቸው፤ የመንግሥት ፈቃድም መውጣት አለበት። ፈቃዱ እስኪገኝ ድረስ ትምህርቱ በአንድ ቤት ውስጥ፣ በማታ፣ ድምፅ ሳይሰማ ይሰጥ እንደነበር ይተረካል። ከሰዓት በኋላ ሱቅ የሚጠብቀው ልጅ፣ ውሃ የሚቀዳው ልጅ፣ ሲመሽ ፊደል ይቆጥራል። ከዚያ በኋላ ፈቃዱ ተገኘና ትምህርቱ በቀን ሆነ። ሃይማኖት፣ የዓረብኛ ሰዋስውና ሒሳብ በልጁ በራሱ ቋንቋ ይሰጥ ጀመር።

ለእኛ አንባቢ ጊዜውን ለማመዛዘን ያህል፣ በአዲስ አበባ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1908 ነው። አል-ፈላሕ ሦስት ዓመት ይቀድመዋል። ልዩነቱ ግን በዓመቱ ብቻ አይደለም። የእኛውን የከፈተው ንጉሠ ነገሥት ነው፤ የጅዳውን የከፈተው አንድ የነጋዴ ልጅ ነው።

ገንዘቡ ከየት መጣ? ከሙሐመድ ዓሊ ኪስ ነው። እንደሚነገረው ኪሳቸው በጎደለ ጊዜ ባለቤታቸው የጌጣቸውን ወርቅ አውጥተው ሰጥተዋል። በ1912 በመካም ሁለተኛው አል-ፈላሕ ተከፈተ። ወላጅ የሚከፍለው ነገር አልነበረም። በኋላ ዘመን በሒጃዝ ስማቸው ከገነነው ገጣሚዎች መካከል ሐምዛ ሸሓታና ሙሐመድ ሐሰን ዐዋድ የጅዳው አል-ፈላሕ ልጆች ናቸው።

ሐ. በዚያን ዘመን ድምፅ የነበረው ማን ነው?

እዚህ ላይ ታሪኩን ቆም አድርገን ስለ ምርጫ እንናገር። ብዙ ሰው በጅዳና በመካ ምርጫ የሚባል ነገር የቅርብ ጊዜ ነው ብሎ ያስባል። እውነቱ ግን ከዚህ ይለያል።

በሐምሌ 1908 የኦቶማን ሕገ መንግሥት እንደገና ሥራ ላይ ዋለ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ለኢስታንቡል ፓርላማ ምርጫ ተካሄደ። ከሒጃዝም እንደራሴዎች ሄዱ። የጅዳን መቀመጫ የያዙት ቃሲም ዘይነል የተባሉ ከዚያው ከዘይነል ቤት የሆኑ ሰው ናቸው። ከመካም የሻሪፍ ሑሴን ልጅ ዓብዱላህ፣ ኋላ የዮርዳኖስ ንጉሥ የሆኑት፣ እንደራሴ ነበሩ።

የምርጫው ደንብ እንዴት ነበር? በመጀመሪያ፣ መራጩ ከ25 ዓመት በላይ የሆነ ወንድ ነው። ሁለተኛ፣ እንደራሴውን በቀጥታ አይመርጥም፤ ምርጫው በሁለት ደረጃ ነው። ሕዝቡ በመጀመሪያ ጥቂት መራጮችን ይመርጣል፤ እነዚያ ደግሞ ተሰብስበው እንደራሴውን ይሾማሉ። ሦስተኛ፣ ለ50,000 ወንድ አንድ እንደራሴ ይደረጋል፤ በሒሳቡ ሴት አትቆጠርም። አራተኛ፣ ሕገ መንግሥቱ ተመራጩ ቱርክኛ እንዲያውቅ ይጠይቃል። ለከተማ ምክር ቤቶች የወጣው የ1877 ሕግ ደግሞ ሌላ ገደብ ነበረው፤ መራጩ የንብረት ግብር የሚከፍል መሆን ነበረበት።

እነዚህን ደንቦች አንድ ላይ ስናስቀምጣቸው ውጤቱ ግልጽ ነው። ቤት ያለው፣ ንግድ ያለው፣ ቱርክኛ የሚያውቅ ሰው ይመረጣል። በማታው ክፍል ልጁን ያስገባው ውሃ ቀጂ፣ በወደቡ ጭነት የሚያወርደው ተሸካሚ፣ የልጁ እናትና ከአፍሪቃ ጠረፍ መጥቶ ድሃ ሰፈር የሚኖረው ሰው የሉበትም። ይህንን ስንል በደንቡ ጸሐፊዎች ላይ ለመፍረድ አይደለም፤ በዚያው ዘመን አብዛኛው የአውሮፓ አገርም ከዚህ ብዙ አይሻልም ነበር። የምንለው፣ ከደንቡ ጀርባ አንድ ሐሳብ አለ ነው። ሐሳቡም የከፈለ ይናገር የሚለው ነው። ባለፈው ጉባኤያችን የተሰማው ያው ሐሳብ ነው።

መ. መንግሥት ሲለዋወጥ

በ1916 ሻሪፍ ሑሴን በኦቶማን ላይ ተነሡ፤ ጅዳና መካም ከቱርክ እጅ ወጡ። ስምንት ዓመት ጥቂት እንዳለፈ የሑሴን መንግሥት ራሱ ተናጋ። የነጅዱ ገዥ የዓብዱልዓዚዝ ሠራዊት ጣኢፍን ይዞ ወደ መካ ሲገሠግሥ፣ በጥቅምት 1924 መጀመሪያ የጅዳና የመካ ታላላቅ ነጋዴዎችና ሹማምንት በጅዳ ተሰብስበው ሑሴን ዙፋናቸውን እንዲለቁ ጠየቁ። እሳቸውም ለልጃቸው ለዓሊ ለቀቁ። ለዚህ ስብሰባ ማንም ድምፅ ሰጥቶ የላካቸው አልነበረም፤ የከተማዋ ሀብታሞችና የተከበሩ ሰዎች በመሆናቸው ብቻ ተሰበሰቡ።

ዓብዱልዓዚዝ በዚያው ዓመት መካ ገቡ፤ ጅዳም ከአንድ ዓመት ከበባ በኋላ በታኅሣሥ 1925 እጇን ሰጠች። አዲሱ ገዥ በመካ በመጀመሪያ ካደረጓቸው ነገሮች አንዱ ምርጫ ነው። የሃይማኖት ሊቃውንቱና ነጋዴዎቹ የራሳቸውን ሰዎች መርጠው ምክር ቤት እንዲያቋቁሙ አደረጉ። በ1926 የሒጃዝ መሠረታዊ ደንብ ሲወጣ ግን ነገሩ አቅጣጫውን ለወጠ። ምክር ቤት ቀረ ማለት አይደለም፤ ነገር ግን እየዋለ እያደረ ምርጫውን ሹመት ተካው። በዚያው በ1926 የትምህርት ዳይሬክቶሬት በመካ ተቋቋመ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ስለ ትምህርት የሚወስነው አካል ከላይ ተሹሞ የሚመጣ ሆነ፤ በ1953ም ወደ ትምህርት ሚኒስቴር አደገ።

በዚህ ሁሉ መለዋወጥ አል-ፈላሕ አልተዘጋም። ቱርክ ሄደ፤ ሑሴን ሄዱ፤ ዓሊ ሄዱ፤ የጅዳ ልጆች ግን ጠዋት ጠዋት ክፍል ይገቡ ነበር። ይህ የመሥራቹን ጥበብ ያሳያል። ሙሐመድ ዓሊ ትምህርት ቤቱን ከማንም የፖለቲካ ወገን ጋር አላሠሩትም። ኑሯቸውን ያደረጉት በቦምቤይ ነበር፤ ከዚያም ሆነው ገንዘብ ይልካሉ፤ መምህራን ይቀጥራሉ።

ሠ. ዕንቁው ሲረክስ

የሙሐመድ ዓሊ ሀብት ከዕንቁ ነበር። ከፋርስ ባሕረ ሰላጤ ጠላቂዎች የሚያወጡት ዕንቁ በቦምቤይ ገበያ ይሰበሰባል፤ ከዚያም ወደ ፓሪስ ይሄዳል። ዘይነል በዚህ ንግድ ከታላላቆቹ አንዱ ሆኑ። በዕንቁው ትርፍ አል-ፈላሕን ከሒጃዝ አውጥተው ወደ ቦምቤይ፣ ወደ ዱባይና ወደ ባሕሬን አስፋፉት። ከጅዳና ከመካ ከተመረቁት አንዳንዶቹ ወደ ቦምቤይ እየሄዱ ትምህርታቸውን እንዲቀጥሉ አደረጉ። እነዚህ ወጣቶች ከሒጃዝ በማኅበር ወደ ውጭ ከተላኩት ቀደምት ተማሪዎች የሚቆጠሩ ናቸው።

ይሁንና በ1920ዎቹ የጃፓን ሰዎች በእርባታ የሚያገኙት ዕንቁ ገበያውን ያጥለቀልቀው ጀመር። በ1929 ደግሞ የዓለም የኢኮኖሚ ቀውስ መጣ። የፓሪስ ሴቶች ዕንቁ መግዛት አቆሙ፤ ባንኮች ያበደሩትን ጠየቁ፤ በባሕረ ሰላጤው ዳርቻ ያሉ ከተሞች ተራቡ። የዘይነልም ሀብት አብሮ ተናጋ።

በዚህ ጊዜ አንድ እውነት ገሃድ ወጣ። በመካና በጅዳ ፊደል የሚቆጥረው ልጅ ዕጣ በቶኪዮና በፓሪስ ገበያ ላይ ተንጠልጥሎ ኖሯል። ትምህርት ቤቱ ሕንፃ አለው፤ መምህር አለው፤ ተማሪ አለው፤ ባለቤት ግን አንድ ሰው ነበር። ያ ሰው ሲቸገር ወላጆች የሚሰበሰቡበት ጉባኤ የለም፤ ሒሳብ የሚያዳምጡበት ቀን የለም፤ የመረጡት ኮሚቴ የለም። ያም ሆኖ ትምህርት ቤቱ አልሞተም። የከተማው ነጋዴዎች መዋጮና የመንግሥት እርዳታ አተረፉት። እኛ ግን የሚከተለውን መጠየቅ ተገቢ ነው እንላለን፤ ያዳኑት ሰዎች ባይኖሩስ ኖሮ?

ይህ ጥያቄ የጅዳ ብቻ አይደለም። በአገራችን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በ1925 ሲከፈት ወጪው የመጣው በአብዛኛው ከአልጋ ወራሹ ከራሳቸው ነበር። የችሮታ ትምህርት ቤት ጥሩ ጎንም መጥፎ ጎንም አለው። ጥሩ ጎኑ፣ ማንንም ሳይጠብቅ መጀመሩ ነው። ሙሐመድ ዓሊ ወላጆችን ሰብስበው ድምፅ እስኪያሰጡ ቢጠብቁ ኖሮ አል-ፈላሕ ላይከፈት ይችል ነበር፤ ይህን በግልጽ እንቀበላለን። መጥፎ ጎኑ ግን ተቀባዩ ምንጊዜም ተቀባይ ሆኖ መቅረቱ ነው። አመስጋኝ እንጂ ባለቤት አይሆንም።

ረ. ሐጅ ሙሐመድ ዓሊ በሞቱበት ዓመት

ሐጅ ሙሐመድ ዓሊ ዘይነል በ1969 በቦምቤይ ዐረፉ። ዕድሜያቸው ሰማንያውን አልፎ ነበር። የከፈቷቸው የጅዳና የመካ ትምህርት ቤቶች ከእሳቸው በኋላም ቀጠሉ።

በዚያው በ1969 በሰኔ ወር ከጅዳ እጅግ በራቀ ቦታ አንድ ፍርድ ተሰጠ። በአሜሪካ የኒው ዮርክ ግዛት ሕግ፣ በአንዳንድ ወረዳዎች ለትምህርት ቦርድ የሚመርጠው ግብር የሚከፈልበት ንብረት ያለው ወይም የተከራየ ሰው፣ አለዚያም ልጁ በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚማር ወላጅ ብቻ ነው ይል ነበር። አንድ ላጤ፣ ከወላጆቹ ጋር የሚኖር፣ ቤትም ልጅም የሌለው ሰው ተከራከረ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ለእሱ ፈረደ። የፍርዱ ፍሬ ነገር የትምህርት ቤት ጉዳይ ከፋዩንና ወላጁን ብቻ ሳይሆን በዚያ የሚኖረውን ዜጋ ሁሉ ይነካል የሚል ነው። በዚያችው በኒው ዮርክ ከተማ ከዚያ ወዲህ በተቋቋሙት የሰፈር ትምህርት ቦርዶች፣ ቦርዶቹ በ2002 እስኪቀሩ ድረስ፣ ዜግነት የሌላቸው ወላጆችም ይመርጡ ነበር። የሳን ፍራንሲስኮ ሕዝብም በ2016 ይህንኑ ለስደተኛ ወላጆች ፈቅዶ ከ2018 ጀምሮ ሥራ ላይ አውሏል።

ወደ ጅዳና ወደ መካ እንመለስ። ከብዙ ዐሥርት ዓመታት በኋላ በ2005 በሳዑዲ ዓረቢያ የከተማ ምክር ቤቶች ምርጫ ተደረገ። የጅዳና የመካ ተራ ኤፕሪል 21 ነበር። መራጩ ዕድሜው 21 የሞላ፣ ወታደር ያልሆነ፣ ወንድ የሳዑዲ ዜጋ ነው። የሚመረጠውም የምክር ቤቱ ግማሽ ብቻ ነው፤ ሌላው ግማሽ ይሾማል። በዚያው ዓመት መጨረሻ በጅዳ የንግድ ምክር ቤት ምርጫ ሁለት ሴቶች፣ ለማ አስ-ሱለይማንና ነሽዋ ጣሂር፣ ተመረጡ። በ2015 የከተማ ምክር ቤት ምርጫ ሦስት ነገር ተለወጠ። የመራጩ ዕድሜ ወደ 18 ወረደ፤ የሚመረጠው ወንበር ወደ ሁለት ሦስተኛ ከፍ አለ፤ ሴቶችም ለመጀመሪያ ጊዜ መረጡ፣ ተመረጡም። ከአሸናፊዎቹ አንዷ በመካ ክፍል በምትገኘው በመድረካ የተመረጡት ሰልማ ቢንት ሒዛብ አል-ዑተይቢ ናቸው።

አሁን በልባችሁ ያዙ ያልነውን እናውጣ። በመካ ሰውለተን-ኒሳእ የሚባሉ ሴት በ1870ዎቹ ለትምህርት ቤት ገንዘብ ሰጡ። በጅዳ የሙሐመድ ዓሊ ባለቤት ጌጣቸውን ሰጡ ይባላል። በሁለቱ ከተሞች ሴት ለከተማዋ ምክር ቤት ድምፅ የሰጠችው ግን በ2015 ነው። ስለዚህ የከፈለ ይናገር የሚለው ሐሳብ በተግባር ሐቀኛ ሆኖ አያውቅም። ሴቶቹ ከፍለዋል፤ አልተናገሩም። ገንዘብ ሰበብ ነው፤ ዋናው ነገር ደንቡን የጻፈው ማንን ሰው ብሎ ቆጠረ የሚለው ነው።

አንድ ነገር ግን እንጨምር። የነዚህ ምክር ቤቶች ሥራ መንገድ፣ ጽዳትና መናፈሻ እንጂ ትምህርት ቤት አልነበረም። የውጭ ዜጋም በምርጫው አልተካተተም። በ2022 የሕዝብ ቆጠራ መሠረት ከሳዑዲ ዓረቢያ 32.2 ሚሊዮን ነዋሪ ውስጥ 13.4 ሚሊዮኑ የውጭ ዜጋ ነው። ከነዚህ ውስጥ የእኛ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች አሉበት። ልጃቸው በሚማርበት ከተማ ለከተማው ድምፅ የላቸውም። ስለዚህ እነሱ ባለቤት ሊሆኑ የሚችሉት ራሳቸው ባቋቋሙት ነገር ብቻ ነው፤ በእድራቸው፣ በእቁባቸው፣ በማኅበራቸው። በዚያም ድምፅ ካጡ የትም የላቸውም።

ሰ. ከዚህ ምን እንማራለን?

በአገራችንም ትምህርት ቤትን በተመረጠ ኮሚቴ ለማስተዳደር ተሞክሯል። በ1976 እና በ1984 በወጡ አዋጆች ከቀበሌና ከገበሬ ማኅበር፣ ከመምህራንና ከተማሪዎች የተውጣጡ የትምህርት ቤት ኮሚቴዎች ተቋቁመው ነበር። ከ1994ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ ደግሞ ወመህና ቀትሥቦ፣ ማለትም የወላጅ መምህር ኅብረትና የቀበሌ ትምህርትና ሥልጠና ቦርድ፣ በየትምህርት ቤቱ የምናውቃቸው ሆኑ። ብዙዎቻችን ወላጆቻችን ለስብሰባ ሲጠሩ እናስታውሳለን። ስብሰባው አንዳንድ ጊዜ የመዋጮ መጠየቂያ ብቻ ይሆን እንደነበርም አንደብቅም። ወላጅ ለአጥር፣ ለወንበር አዋጣ ይባላል፤ ሒሳቡ ሲቀርብ ግን አይጠራም። ይህ የዘይነል ዘመን ችግር የተገላቢጦሽ ነው። በዚያ ተከፍሎለት ድምፅ አልነበረውም፤ በዚህ ከፍሎም ድምፁ የስም ብቻ ሆነ።

ከሐጅ ሙሐመድ ዓሊ ሕይወት የምንወስደው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ አንድ ሰው ሌላውን ሳይጠብቅ ሊጀምር እንደሚችልና እንደሚገባ ነው። በሃያ ዓመት ዕድሜ አካባቢ ያለ ወጣት በማታ የከፈተው ክፍል ሦስት መንግሥታት ሲያልፉ ቆሞ ታየ። እኛ በዚያው ዕድሜ ላይ ያለን ተማሪዎች ይህን አይተን ልናፍርም ልንበረታም ይገባል። ሁለተኛው፣ የተጀመረው ነገር እንዲዘልቅ ከሰጪው ሌላ ባለቤት እንደሚያስፈልገው ነው። ባለቤትነት ደግሞ በገንዘብ ብቻ አይገኝም። ሒሳብ በመስማት፣ በመጠየቅ፣ በመምረጥና በመሻር ይገኛል።

እዚህ ላይ ግለ ሂስ እናቅርብ። ከዚህ ጽሑፍ አዘጋጆች ሁለታችን ባለፈው ጉባኤ መዋጮ ያልከፈለ ድምፅ አይስጥ ብለን የተናገርን ነን። ያን ጊዜ የታየን የገንዘብ ያዡ ችግር ነበር፤ ለአዳራሽ ኪራይና ለዚህ መጽሔት ማባዣ የሚከፍሉት ጥቂቶች መሆናቸው ፍትሕ አይደለም ብለን ነው። ያ ቅሬታ ዛሬም አለን። የዘይነልን ታሪክ ስናዘጋጅ ግን አንድ ነገር ተረዳን። በማኅበራችን መዋጮ ያልከፈሉት አብዛኞቹ ሥራ አጥተው ወይም ለቤተሰባቸው ልከው እንጂ ንቀው አይደለም። እነሱን ከድምፅ ብናወጣ የሚቀረው የጥቂት ከፋዮች ማኅበር ነው፤ ከፋዮቹ ተመርቀው ወደየአገሩ ሲበተኑ ማኅበሩም እንደ ዕንቁው ገበያ በአንድ ጊዜ ይወድቃል።

ስለሆነም ለመጪው ጉባኤ የሚከተለውን ሐሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፣ ድምፅ በአባልነት ይሁን፤ በመዋጮ ደረሰኝ አይሁን። ሁለተኛ፣ መክፈል ያልቻለ አባል በጉልበቱ ያዋጣ፤ መጽሔቱን በማባዛት፣ አዲስ የመጣን ተማሪ በመቀበል፣ ደካማ የሆነን በማስጠናት። ይህም በመዝገብ ይያዝ። ሦስተኛ፣ ገንዘብ ያዡ በየሦስት ወሩ ሒሳቡን በጉባኤ ፊት ያንብብ፤ ከፋዩም ያልከፈለውም ይጠይቅ። አገር ቤት እድር የገባ ሰው ይህንን ያውቀዋል። ችግር የገጠመው አባል ውዝፉ ይታገሥለታል እንጂ ከለቀስተኛ አይቆጠርም አይባልም።

በተቃራኒው የሚያስቡ አባላት መልሳቸውን ለቀጣዩ እትም እንዲልኩልን እንጋብዛለን፤ ሳንቆርጥ እናወጣዋለን። ከሁሉ በላይ ግን በጉባኤው ዕለት ሁላችሁም፣ ውዝፍ ያለባችሁም ጭምር፣ እንድትገኙ አደራ እንላለን። ስለ ድምፃችሁ የሚወሰነው እናንተ በሌላችሁበት መሆን የለበትም።

የዝግጅት ክፍሉ